ካምቢዮው በእጇ ላይ እያለ

ስለ መኪናዋ ፍሪሲዮን መካኒኩ ሦስት ወር ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል። ስትደውልለት ጠፍቷል፣ በእግሯ ስትሄድም ጠፍቷል። እሷም አምናው ትመለስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ነገሩ አልዋጥ ስላላት ራሷ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ የመኪናዋን ዓይነት እንደሰማ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደና ፊቷ አስቀመጠው። አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው የብረት ክዳን፣ ኩሽኔታው፣ ሁሉም ነበር። መቼ እንደመጣ ስትጠይቀው፣ ፈላጊ አጥቶ ዓመት እንዳለፈው ነገራት።

ካርቶኑን እንዳቀፈች በቀጥታ ጋራዡ ገባች። መካኒኩ ካርቶኑን ከፍቶ አገላበጠ። መጀመሪያ ሌላ ሞዴል ነው ሊላት ሞከረ። እሷ ግን ለሃያ ስድስት ዓመት አምቡላንስ የነዳች፣ መንገድ ላይ ስትበላሽባት ራሷ ከሥር ገብታ የምትፈታ ሰው ናት። የከተማው ሰው በስሟ ሳይሆን «ሾፌሯ» እያለ ነው የሚጠራት። የሞዴሉን ቁጥር ከካርቶኑ ላይ በጣቷ አሳየችው። ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠረገና ተሸነፈ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ልጅዎ ነው የለመነኝ። ከእንግዲህ መንዳት የለባትም፣ ዕቃ የለም እያልክ አቆያት አለኝ።»

ሾፌሯ አልጮኸችም። ደሟ ሲፈላ ድምፅዋ የሚወርድ ሰው ናት። አመሰግናለሁ ብላው ወጣች፤ ያ «አመሰግናለሁ» ከስድብ በላይ አሳመመው።

ቤት ስትደርስ ባሏ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጎረቤቱም ሚስቱም ቲቸር ነው የሚሉት። ካርቶኑን ጋዜጣው ላይ ዘጭ አደረገችበት።

«ቅዳሜ አሮጌ ልብስ ልበስ። ፍሪሲዮን እንቀይራለን፣ እዚሁ ግቢ።»

ዕቃው ከየት እንደተገኘ ጠየቃት። ከሱቅ ነዋ፣ ከየት ሊገኝ ነው አለችው። ቲቸር ዓይኑን ሰበረ። ሾፌሯ ሥራውን ፈርቶ መሰላት፤ ካርታ ላይ ያለውን ተራራ ሁሉ በስሙ የሚያውቅ ሰው፣ ካቻቢቴና ጉጠት የሚለየው በመከራ ነውና።

ዐርብ ማታ ልጇ ደውሎ ደህንነቷን ጠየቃት። ደህና ነኝ ብላ ዘጋችው። ነገሩን በሆዷ ይዛው አደረች፤ እንቅልፍ የሚባል ግን በዓይኗ አልዞረም። ከውሸቱ ይልቅ ያንገበገባት፣ ሦስት ወር ሙሉ መካኒኩን «አይዞህ፣ ይገኛል» እያለች ራሷ ማጽናናቷ ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ሦስት ወር ግቢው ውስጥ የቆመችውን መኪና በክሪክ አንስተው በወፋፍራም ግንዶች ላይ አስቀመጧት። ፎርዊል ድራይቭ ስለሆነች ሥራው እጥፍ ነው፤ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄድ ዘንግ አለ፣ ወደ ፊት የሚሄድም ሌላ። ሁለቱንም ፈታች። ውስጥ ገብታ የማርሽ ዘንጎቹን ነቀለች። ቲቸር ቡሎን እየተቀበለ በየቆርቆሮው ይከታል፣ እሷ የትኛው ከየት እንደወጣ ትነግረዋለች፣ እሱ በብጣሽ ወረቀት ላይ በአስተማሪ ጽሑፉ ይጽፋል። አንዱን ቡሎን ሲጥለው ሰደበችው። ደግሞ ሲጥለው አልሰደበችውም፤ ይህኛው ባሰው። የምትደበድበው አጥታ ዝገት የያዙትን ቡሎኖች በመዶሻ ስትደበድብ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ወዲያው መልሶ አገባው።

ካምቢዮው በክሪክ ላይ ተጋድሞ ወደ ኋላ ሲወጣ የድሮው ሸራ ታየ። አልቆ አልቆ የያዙት ምስማሮች ብረት ላይ ደርሰዋል። ለዚህ ነበር ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የምታዘግመው። አዲሱን ሸራ አስገብታ፣ ጠርባ ባዘጋጀችው እንጨት መሐሉን አስተካክላ፣ የክዳኑን ቡሎኖች በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ አጠበቀች።

ከሁሉም የሚከፋው መልሶ መግጠሙ ነው። የካምቢዮው ዘንግ በሸራው መሐል ባለው ጥርሳም ቀዳዳ ልክ መግባት አለበት። ሾፌሯ በጀርባዋ ተኝታ ክሪኩ ላይ የሚወዛወዘውን ካምቢዮ ከአፉ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ቲቸር ከኋላዋ ተንጋሎ በካምቢዮው ኋላ የወጣውን የዘንግ ጫፍ በቀስታ ያዞራል። ዘንጉ ግማሽ ገብቶ ቆመ። አሁን ብትለቀው ያ ሁሉ ክብደት በአዲሱ ሸራ ላይ ተንጠልጥሎ ያጣምመዋል።

ቲቸር የመረጠው ይህን ሰዓት ነበር። ምናልባት ፊቷ ስለማይታየው ይሆናል።

«ልጁን አትቆጪው» አለ።

«ማንን?»

«ልጃችንን። ከሱቅ አመጣሁት ስትይ ነው ሁሉን እንዳወቅሽ የገባኝ። ግን እሱ ከራሱ አልተነሳም። እኔ ነኝ የነገርኩት። ያ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ…»

ጋሪ የሚገፋውን ሰው እሷም አልረሳችውም። ከአምስት ወር በፊት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ። ጭራሽ አላየችውም ነበር። ቲቸር ነው ጮኾ መሪውን የጠመዘዘው። ሰውየው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ተረፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱም ነገሩን አላነሱትም።

ሾፌሯ ጥርሷን ነከሰች። ብትነሳ ሸራው ይበላሻል፣ ብትማታ እጇ ተይዟል። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነገሯን በስልክ አሳልፎ ሰጥቶ፣ በየሳምንቱ «ዛሬስ ዕቃው ተገኘ?» እያለ ሲጠይቃት ከርሟል። ካምቢዮውን በሙሉ ኃይሏ ልትገፋው ፈለገች። ነገር ግን በንዴት እንደማይገባ እጆቿ ያውቃሉ። ተነፈሰች። ካምቢዮውን በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ ክሪኩን በጣት ስፋት ዝቅ አደረገችው።

«አዙር» አለች። «በቀስታ። ወደ ግራ።»

አዞረ። ዘንጉ ጥርሱን አገኘና ሸርተት ብሎ ገባ።

የካምቢዮውን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀች። ሁለቱም ዘንጎች ተመልሰው ታሰሩ፣ ግንዶቹ ወጡ፣ መኪናዋ በእግሯ ቆመች። ያን ጊዜ ሾፌሯ ቲቸር ፊት ሄዳ ቆመች።

«ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዋ እስክትቆም ድረስ ሁለት ወር ነድቻለሁ። ፀሐይ ከገባች በኋላ መሪ ይዤ አይተኸኛል?»

ቲቸር አሰበ። እህቱ ቤት ጨዋታው ሳያልቅ ገና በዐሥር ሰዓት እንሂድ ብላ ያስነሳችውን አስታወሰ፤ መንገድ ሙሉ ያጉረመረመባትንም ጭምር። አላየሁሽም አለ።

«እኔው ራሴ ነኝ የተውኩት። ማንም ሳይነግረኝ። ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ?»

«ፈራሁሽ» አለ።

ይህ ነው ይበልጥ የነደዳት። የምትፈራ አውሬ ነኝ ወይ ልትለው አፏን ከፍታ ተወችው። እሷስ ብትሆን አፍራ አይደል የደበቀችው? ይህን ግን ለዛሬ ልትሰጠው አልፈለገችም። ገብታ መሪ ያዘች፤ እሱ ወደ ገቢናው በር ሲጠጋ የበሩን ቁልፍ ከውስጥ ተጫነችው።

«አንተ የሥራ ዕቃዎቹን በናፍታ እጠብ።»

ልጇ የሚኖረው ዳገቱ አናት ላይ ካለው ፎቅ ነው። መኪናዋ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሳታቃስት ወጣችው። ሾፌሯ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ጥሩንባውን ተጫነች። ልጇ በነጠላ ጫማ ሮጦ ወረደ፤ ሞተሩን ሲሰማ፣ የእናቱን ግራሶ የጠጣ እጅ መሪው ላይ ሲያይ፣ ቀለሙ ተለወጠ።

«እማዬ…»

«ዕቃው ተገኘ» አለችው።

ስለ ዕድሜዋ ጀመረ፣ ስለ አደጋ ቀጠለ፣ ለደህንነትሽ ብዬ ነው አለ። ሁሉንም አስጨረሰችው።

«መንዳቴ ካስፈራህ ፊቴ ቁምና ፈርቻለሁ በለኝ። እሰማህ ይሆናል፣ አልሰማህም ይሆናል። መካኒክ ግን አታስዋሽብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ነፍስ ከኋላዬ ጭኜ ሮጫለሁ። ቢላ እንደያዘ ሕፃን መኪናዬን ከእጄ አትሰርቀኝም።»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«ምናልባት አልሰማህም ነበር» አለች፤ መዋሸት አልቻለችም። «ቢሆንም ትነግረኝ ነበር።»

ልጁ ዓይኗን ተመርምራ እንደሆነ ጠየቃት። አልተመረመርኩም አለች። እኔ ልውሰድሽ ሲላት፣ በቀን ከሆነ ራሷ እንደምትነዳ ነገረችው።

«እሺ፣ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ከጎንሽ ልቀመጥ?»

እሺም እንቢም ሳትለው ማርሽ አስገባች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሳይመሽ መግባት ነበረባት።

ቤት ስትደርስ ቲቸር የመፍቻ ቺያቤዎቹን ሁሉ አጥቦ ደርድሯቸዋል፤ አደራደሩ የተሳሳተ ነው። እንደ መጠናቸው ሳይሆን እንደ መልካቸው። ሾፌሯ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አስተካከለቻቸው። እሱ አጠገቧ ቆሞ መኪናዋ እንዴት እንደሄደች ጠየቃት። ልትዘጋው ነበር፤ ግን የጠየቃት ስለ ፍሪሲዮኑ ነው።

«ፔዳሉ ከፍ ሲል ነው የሚይዘው። ዳገቱን ጥሩ አድርጋ ወጣች።»

ቲቸር ደፈር አለና ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ።

«ዛሬ አይደለም» አለችውና እጇን ልትታጠብ ገባች።