ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ ያዞረች ማኪና

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ የህሩይን ማኪና የማያውቅ አልነበረም፤ ተሳፍሮባት የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ቀይ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣራዋ ከሰው ደረት የማያልፍ፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ አጭር ማኪና። ሞተሯ ግን ከሁለት መቶ በላይ የፈረስ ጉልበት አለው። ህሩይ ቱሪን ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ተምሮና ሠርቶ ሲመለስ፣ ሌሎቹ ተመላሾች ከፍ ያለ ፒክአፕ ያስመጡ ነበር፤ እሱ ይቺን አስመጣ። ለምን ሲሉት "ለምጃት ነው" ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ስንት ዓመት ሲመኛት ኖሮ የገዛት በመጨረሻው ዓመት ስለነበር ጥሏት መምጣት አላስቻለውም።

ጎንደር አልተመቸቻትም። ከተከራየበት ግቢ በር እስከ አስፋልቱ ያለውን የኮብልስቶን መንገድ በአንደኛ ማርሽ፣ ድንጋይ እየመረጠ ነው የሚያልፈው። ፍጥነት መቀነሻው ጋ ሲደርስ ሰያፍ ይገባል፤ አንዱን ጎማ ያወጣል፣ ይቆያል፣ ሌላውን ያወጣል። ከኋላው የተሰለፉት ባጃጆች ጡሩንባቸውን ያንባርቁበታል።

"ዶክተር! አዝለህ አሻግራት እንጂ!"

"ተዋት፣ ገና ልጅ ናት፣ ታድጋለች!"

አከራዩ እትዬ እንኳየሁ አንድ ቀን ገበያ ላድርስዎት ቢላቸው በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲያዩ ቆዩና፣ "እኔ እዚህ ውስጥ ከገባሁ፣ አዋላጅ ካልተጠራ አልወጣም" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው ሄዱ። ዩኒቨርሲቲ አብረውት የሚያስተምሩት በአንድ አሮጌ ማኪና አምስት ሆነው ተጠጋግተው እየተሳሳቁ ይመጣሉ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ያቺን አሮጌ ማኪና ሲያይ እጁን ያነሳል፤ የህሩይን ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል። መጀመሪያ ሰሞን ራሱ እያቆመ "ግቡ" ይል ነበር። "አይ፣ ሂድ፣ ታክሲ ይመጣል" ይሉታል። ከኋላ ለመግባት የፊቱ ሰው መውረድና ወንበሩን ማጠፍ አለበት፤ ለአንድ ፌርማታ ማን እንዲህ ይደክማል?

ጋቢናው ላይ ክብደት ሲያርፍ፣ ቀበቶ እስኪታሰር የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አላት። ጎንደር ከገባች ወዲህ የጮኸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም የፈተና ወረቀት ክምር ተጭኖባት ነው።

መንገዱ ሰላም ነው በሚባልበት እሑድ ግን በማለዳ ተነስቶ በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬ ይወጣል። ያኔ ማኪናዋ ሌላ ትሆናለች። ኩርባ ሲመጣ መሪውን ትንሽ ይሰብርና ነዳጅ ይሰጣታል፤ የፊት ጎማዎቿ አስፋልቱን ነክሰው እጁን ይዞ እንደሚወስድ ሰው ይጎትቱታል። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ምንም አያስብም። ኮሶዬ ሲደርስ መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገብቶ፣ ለአራት ሰው በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ይበላል፤ ብርዱ በሸሚዙ ሲገባ፣ ለዚህ ነው እንዴ የተመለስኩት? እያለ ወደ ከተማው ይወርዳል።

ከዚያ አልፎ ሄዶ አያውቅም። ከኮሶዬ ወዲያ ጥቂት ኪሎ ሜትር እልፍ ብሎ፣ ወደ ግራ የሚገነጠል መንገድ መጨረሻ ላይ የእናቱ መቃብር አለ።

እናቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ ያረፉት ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን፣ ለማርያም ነው። ኑዛዜያቸው ስለነበር የተቀበሩት በተወለዱበት አጥቢያ ነው። ህሩይ ያኔ ቱሪን ነበር። የሥራ ውሉ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና አልመጣም፤ ሙት ዓመታቸው ላይም አልነበረም። አባቱ ቄስ ሐብተ ማርያም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱትም። ቢወቅሱት በተሻለው። በየዓመቱ በዚያች ቀን ብቻቸውን አውቶብስ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ ፍትሐቱን አድርሰው ይመለሳሉ። እሱ ላድርስዎት ባለ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፤ "እኔ ጥምጥሜን ከራሴ የማወርደው ለመኝታ ነው።" ማኪናዋ ጥምጥም አታስገባም።

ዘንድሮ በዋዜማው ስልክ ደወሉ።

"ህሩይ፣ ነገ አውቶብስ የለም አሉን። ያቺ ማኪናህ ከኮሶዬ ወዲያ ትሻገራለች?"

"ትሻገራለች፣ አባባ።"

"ቅዳሴው ሳይወጣ መድረስ አለብኝ። ፍትሐቱን የማደርሰው እኔ ነኝ።"

ህሩይ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ትንሽ ቦርሳ አውጥቶ ጋቢ፣ ሹራብና የጥርስ ብሩሽ ከተተ። የእናቱ ወገኖች በቀብሩ ዕለት እንዳልነበረ ያውቃሉ። ምግብ ያቀርቡለታል፣ እሱን አይጠራጠርም፤ ያ ለማንም መንገደኛ ይደረጋል። እሱ የፈለገው መሽቶ "እደር" እንዲሉት ነበር። በዚያ ቤት ካደረ፣ ከእናቱ ዘመዶች ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝቶ ከነቃ፣ ይቅር ተብሏል ማለት ነው። ቦርሳውን ከኋላ አስቀምጦ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቄስ ሐብተ ማርያም ደጃቸው ላይ ማኪናዋ አጠገብ ቆመው አንዴ ጣራዋን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጥምጥማቸውን አውርደው ጎንበስ ብለው ገቡ። ጥምጥሙን ጉልበታቸው ላይ እንደ ሕፃን አቀፉት። ራሰ በራ ነበሩ፤ ህሩይ ይህን አያውቅም ነበር። ማኪናዋ መጮህ ጀመረች።

"ምን ትላለች?"

"ቀበቶ ይታሰር ነው የምትለው።"

"ገና ሳልደላደል ትቆጣለች?"

ቀበቶውን አሰረላቸው፤ ዝም አለች።

ወለቃን አለፉ። ህሩይ እንደ እሑዱ አልነዳም፤ እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር።

"መሬት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ" አሉ ቄሱ። ቆይተው ደግሞ፣ "እናትህን አውቶብስ ያስመልሳት ነበር። ኮሶዬ ላይ ትወርድና የቀረውን በእግሯ ነው የምትሄደው። እኔ ተሳፍሬ፣ እሷ በእግሯ።"

"አላውቅም ነበር።"

"ከየት ታውቀዋለህ?"

ነገሩን ለወቀሳ አላሉትም። ህሩይ ግን ሦስት ዓመት ያደረ ቃል ነበረው። "አባባ፣ ያኔ ሳልመጣ የቀረሁት..." ብሎ ሲጀምር ከጉም ውስጥ መብራቱን ያበራ አይሱዙ ብቅ አለ።

"መንገዱን ተመልከት" አሉ አባቱ። አይሱዙው አለፈ። ቃሉም አለፈ።

ከአስፋልቱ ወጥተው ኮረኮንቹን ጨርሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የመጨረሻ አቀበት ላይ ማኪናዋ ቆመች። ሌሊቱን ዘንቦበት ጭቃው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የፊት ጎማዎቿ ባሉበት ይሽከረከራሉ። ለማርያም የሚወጡ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ከፊታቸው የእናቱ ወንድም አያ ባዬ በትራቸውን ይዘው መጡ። ህሩይን መጨረሻ ያዩት አሥር ዓመት ሳይሞላው ነበር።

"ከኋላ ይጫን! ከኋላ!" ብለው ጮኹ።

በዚያ አቀበት አይሱዙና ፒክአፕ ሲዳክር ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የኋላው ጎማ መሬት እንዲቆነጥጥ ድንጋይና ሰው ከኋላ ይጫናል። ህሩይ ሳይወርድ ክዳኑን ከፍተው ሦስት ድንጋይ ከቦርሳው ላይ አሳረፉበት፤ ሁለት ጎልማሶች ደግሞ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ማኪናዋ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ነዳጅ ሲሰጣት ጭቃውን ከግራ ከቀኝ በተሰበሰበው ነጭ ነጠላ ላይ ረጨችው።

"አያ ባዬ፣ የሚሠራው የፊቱ ጎማ ነው! ከኋላ በጫናችሁ ቁጥር ፊቷ ይቀላል!"

"ምነው ልጄ? ማኪና የሚገፋው ከኋላው ነው። ስንቱን አይሱዙ አውጥተናል።"

"ይቺ አትገፋም፣ ትጎትታለች።"

"እንግዲያው ማኪና አይደለችም፣ በሬ ናት በለኛ!"

ሰዉ ሳቀ። ከላይ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። ቄሱ አዳመጡና፣ "ሊወጣ ነው። በእግሬ ልሂድ" አሉ፤ ጉልበታቸው ግን እንኳን ያን አቀበት ደረጃም አይወድም።

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባባ።"

ድንጋዩንም ሰዎቹንም አስወረደ። ወደ ኋላ አንሸራትቶ ከታች ካለ አውድማ ላይ ዞረ። አቀበት ላይ ክብደት ወደ ታችኛው ጎማ እንደሚሄድ ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ ሥሎ አሳይቷል። ኋላዋን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፊቷን ወደ መጡበት አደረገና ኋላ ማርሽ አስገባ። ወደ ኋላ ለማየት ግራ እጁን መሪው ላይ ትቶ ቀኝ ክንዱን በአባቱ ወንበር ጀርባ ላይ ዘረጋ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ተጠግቷቸው አያውቅም። ማኪናዋ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ጭቃውን ያዘች፣ መውጣት ጀመረች።

"ወጣች! ወጣች!" ይላል ሰዉ ከጎን እየሮጠ። "በቂጧ ወጣች!"

ቄሱ ወደ ኋላ አልዞሩም። በፊት መስታወቱ ከበታቻቸው እየራቀ የሚሄደውን መንገድ ያዩ ነበር።

"አንተን ሁልጊዜ ስትሄድ ነው የማውቅህ" አሉ ቀስ ብለው። "ዛሬ እንኳ ስትመጣ ፊትህ ወደዚያ ነው።"

ህሩይ ዓይኑን ከኋላው መስታወት አላነሳም፤ ቢያነሳ ገደል ይገባሉ።

ከአያ ባዬ አጥር ጥግ ቆመ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ማዞሪያ የለውም። ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ እንዳደረገች ትቷት ወረደ።

ፍትሐቱ ላይ ደረሱ። ህሩይ ከሰው ጋር መቃብሮቹ መካከል ቆሞ ወደ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ የአያ ባዬ ልጅ ሰብለ ወንጌል እጅጌውን ሳበችው። "እዚያ አይደለችም፤ እዚህ ናት" ብላ ሁለት እርምጃ ወሰደችው። አባቱ የእናቱን የክርስትና ስም ጠርተው ፍትሐቱን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ አያ ባዬ ቤት ተገባ። አልነፈጉትም። ወጥ ይጨመርለታል፣ "ብላ" ይባላል። ግን ጠላ ቀጂዋ ስትመጣ አያ ባዬ ከሩቅ፣ "ለእሱ አትጨምሪበት፣ መንገደኛ ነው፣ ይነዳል" አሏት። ለአባቱ መደብ ላይ አጎዛ ተነጠፈ። አንድ ነበር። ህሩይ ሌላው ከየት ይመጣ ይሆን እያለ ወደ ጓዳው በር ያያል። ሹራቡን ማውጣት ፈልጎ ተወው፤ ሳይባል ቦርሳ አውጥቶ መግባት ቱሪን ውስጥ ነውር ነው፤ እዚህ ነውር ይሁን አይሁን አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ።

"በል እንግዲህ" አሉ አያ ባዬ፣ "ዝናቡ ሳይቀድምህ ተነሳ። ጥሩ አደረግህ፣ መጣህ። ሸጋ ነው።"

"አባባስ?"

"እኔ እስከ ሐሙስ እቆያለሁ" አሉ አባቱ ከመደቡ ላይ። ጥምጥማቸው ራሳቸው ላይ ተመልሷል።

ህሩይ ተነሳ። ሁሉም እስከ አጥሩ ሸኙት። ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰብለ ወንጌል በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችው።

"ምነው ትንሽ እንኳ ብትቆይ" አለችው።

"እናንተ ተነሳ አላችሁኝ እኮ።"

"ምን እናድርግ? እዚህ እንግዳ በቅሎውን ፊቷን ወደ መውጫው አዙሮ ካሰረ፣ ቸኩሏል ብለን እደር አንለውም፤ ማስጨነቅ ይሆንበታል። አንተም ስትደርስ ማኪናህን አዙረህ አቆምክ። አባቴ አይቶ፣ 'ልጁ የሚያድር አይደለም፣ አጎዛ አታውጡ' አለን።"

"ሌላ መውጫ ስላልነበራት እኮ ነው! የፊቱ ጎማ..."

"እሱን እኛ በምን እናውቃለን?"

ልክ ነች። የህሩይ እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቦርሳውን ከጭቃው አራግፎ፣ ላድር ብሎ መግባት ብቻ ነው። ግን ተሸኝቷል። አባቱ የአጥሩ በር ላይ ቆመው መስቀላቸውን አንስተው ባርከውታል። የተመረቀ ሰው ተመልሶ ቢገባ በዚህ አገር ይሳቅበታል ወይስ ይደሰቱበታል? የሚያውቀው ይመስለው የነበረውን ነገር ሁሉ ፈለገ፤ መልሱ የለም። እያመነታ ሳለ የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈ። አያ ባዬ የበቅሎ ዳሌ እንደሚመታ ሰው ጣራዋን በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉና፣ "በል፣ በል፣ በሰላም ግባ!" አሉት።

እጁን ከበሩ አነሳ።

ዳቦውን ጋቢናው ላይ አስቀመጠ። ቁልቁለቱን ለመውረድ ፊቷ ዝግጁ ነበር፤ ምንም ማዞር አላስፈለገውም። ገና መንቀሳቀስ ስትጀምር ማስጠንቀቂያዋ ጮኸ። ዳቦው ሰው አክሎባታል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ነጭ ጥምጥም ብቻ ይታየዋል፤ ከዚያ ዝናቡ እሱንም ሸፈነው።

ቀበቶውን አላሰረለትም። ኮረኮንቹን እስኪጨርስ፣ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ እየጮኸች ሄደች። ኮሶዬ አካባቢ ሰልችቷት ዝም አለች። ማኪናዋ ውስጥ የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ቀረ። ኩርባዎቹ ከፊቱ ናቸው፤ አልፈጠነም።

ጥቂት ሄደና መንገዱ ዳር አቆመ። ዳቦውን ከነጨርቁ አነሳው፤ ገና ሙቀት አለው። ጉልበቱ ላይ ትንሽ አቆየው። ከዚያ መልሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና፣ እንደገና መጮህ ስትጀምር ማርሽ አስገባ።