የዱካሞ መልስ

አጵሎስ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዳር ባለችው ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሯል። ደንበኞቹ ይህን አያውቁም፤ ለእነሱ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ሻማ የሚሸጥ «ማይ ፍሬንድ» ነው። አስተማሪነቱን የሚያስታውሱት ሚስቱ መሰረትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ፊቤ ብቻ ናቸው። እነሱም የሚያስታውሱት ሰው ሲያወራ አቋርጦ የማረም ልማዱ ስላልለቀቀው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊቤ የቤት ሥራዋን ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። መምህሯ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አንድ ዓመት መርጣችሁ በዚያ ዓመት በዓለም ላይ የሆነውን ጽፋችሁ አምጡ ብላቸዋለች። ፊቤ የመረጠችው ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስድስትን ነበር። ሰኞ ክፍል ውስጥ ቆማ ስለምታነበው አባቷ አስቀድሞ እንዲሰማላት ፈለገች።

አጵሎስ ደስ አለው። ከኢትዮጵያ ከመጣች ወዲህ በትምህርቷ ጉዳይ እሱን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ዳቦ እየደረደረ ያዳምጣት ጀመር። እሷም በእንግሊዝኛ እያነበበች፣ የከበደ በመሰላት ቦታ ወደ አማርኛ እየመለሰች ቀጠለች። ዓመቱ ሲጀምር እንግሊዞች በርማን የግዛታቸው አካል አደረጉ። በዚያው ወር ጀርመን አገር አንድ መሐንዲስ በቤንዚን ለሚሄድ መኪና የፈጠራ መብት ጠየቀ። በሜይ ቺካጎ ውስጥ ሠራተኞች የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ይሁንልን ብለው ወጡ፤ ቦምብ ፈነዳ፤ ሰው ሞተ። ከፈረንሳይ በመርከብ የመጣው የነፃነት ሐውልት ኒውዮርክ ላይ ተመረቀ። በኦክቶበር ደግሞ ወርቅ በተገኘበት ሜዳ ላይ ጆሃንስበርግ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች።

«መቼ ነው ያልሽው?» አላት።

«ኦክቶበር። በዚያው በሰማንያ ስድስት። ይህን ዓመት የመረጥኩት ለእሱ ብዬ አይደል?» አለች። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር እንደሆነ፣ ትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሳይቀር እንደተጻፈ ነገረችው።

አጵሎስ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። እንዳለችው ነው። ከዚያ በልቡ ሰባት ቀነሰ። ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ መጣለት። ዳቦውን አስቀምጦ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ፊቤ የቀረውን አነበበችለት፤ እሱ ግን አልሰማትም።

ወደ ልቡ የመጣው ነገር የሆነው ሆሳዕና ሳለ፣ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያን ጊዜ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ የጉርምስና ዕድሜ ላይ የደረሰ ሁሉ ልቡ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ዛሬ ክፍል ውስጥ የነበረ ተማሪ ነገ ሞያሌ ደርሷል ይባላል። አጵሎስ ይህ ያንገበግበው ነበር። በየክፍሉ እየቆመ ይመክራል፤ ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር ይቆጣል፤ ቁጣው ሳይሠራ ሲቀር ያሾፋል።

አንድ ቀን ለዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሰጠ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ ____ ትባላለች» የሚል ነበር። ሁሉም አዲስ አበባ ብለው ሞሉ። ዱካሞ የሚባል፣ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ብቻ «ጆሃንስበርግ» ብሎ ጻፈ። የዱካሞ ታላቅ ወንድም ሙሉቀን እዚያ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አጵሎስም ይህን ያውቃል።

ወረቀቶቹን ሲመልስ የዱካሞን ከፍ አድርጎ ይዞ ለክፍሉ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዱካሞ ተነሥቶ ወንድሜ ነው የነገረኝ፣ እኔም ብሎ ሊቀጥል ሲል አጵሎስ አቋረጠው።

«ወንድምህ የሄደው ሱቅ ሊጠብቅ ነው ወይስ ታሪክ ሊያስተምር? እዚያ የሄደ ሰው የሚናገረው ሁሉ እውነት ከመሰለህ ገና ብዙ ትታለላለህ።»

ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጆሃንስበርግ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውስጥ እጁን አላወጣም፤ አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ አቋረጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄደ ተባለ። አጵሎስም ሲሰማ «አላልኳችሁም?» ነበር ያለው።

ቆይቶ ኑሮው ራሱን አጵሎስን ገፋው። እሱም በዚያው መንገድ፣ ሄዱ እያለ ይሰድባቸው የነበሩት ልጆች በሄዱበት መጣ። ዱካሞ መሀል ከተማ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ እንደሚሸጥ፣ አጵሎስ ራሱ በመጣ በዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምቶ ነበር። ሊጠይቀው አልሄደም። ቲቸርም መጣ እንዴ ብሎ የሚስቅበት መስሎት ፈራ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ዕቃ ሊገዛ ጀፕ እየሄደ፣ ለዓመታት ዱካሞ በሚሠራበት ሕንጻ ደጃፍ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ታሪክ አስተማሪ ሆኖ ሳለ፣ የሚኖርባት ከተማ መቼ እንደተቆረቆረች አንድም ቀን አለመጠየቁ አሁን ገረመው። ለምን እንዳልጠየቀ ግን ያውቃል። ከተማዪቱን ገና ሳያያት ነበር የናቃት።

ማክሰኞ በጠዋት ታክሲ ይዞ ጀፕ ሄደ። ዕቃ የሚገዛው ተማም ከሚባል የስልጤ ሰው ነው። ሆሳዕና የተማረ ዱካሞ የሚባል ልጅ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ተማምም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደህና ሰው ነው፣ አብሮህ የተማረ ነው እንዴ አለው። አጵሎስ «አስተማሪው ነበርኩ» አለ። ይህን ቃል ለሰው ከተናገረ ብዙ ጊዜው ነበር።

ሱቁ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተከምሮባታል። ዱካሞ መሰላል ላይ ሆኖ ዕቃ ያወርድ ነበር። ወፍሯል፤ ከግንባሩ ፀጉር ሸሽቷል። ወደ በሩ ዞር ሲል ወዲያው አወቀው።

«ቲቸር» አለና ወረደ። የአጵሎስን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። ወንበር አቀረበለት፤ ከጎረቤት ሻይ አስመጣ። ስለ መሰረት ጤና፣ ስለ ሱቁ፣ ኦሬንጅ ፋርም አሁን ሰላም መሆን አለመሆኑን ጠየቀው። የሳቀም የተገረመም አይመስልም ነበር። የአጵሎስን መምጣት ከድሮ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

አጵሎስ በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። ሻዩን ሳይቀምስ፣ ልጁ ስላነበበችለት የቤት ሥራ ነገረው። ከዚያም «መልስህ ትክክል ነበር» አለ። «ጥያቄው የየት አገር ከተማ እንደሆነ አይልም ነበር። አንተ አልተሳሳትክም። ሰው ፊት አዋረድኩህ። ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።»

ዱካሞ እጁ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ አጥፎ አስቀመጠ።

«ወንድሜ ሰባ ዘጠኝ አላለኝም ቲቸር። ሰማንያ ስድስት ነው ያለኝ፣ በፈረንጅ። በስንተኛው ወር ብዬ ጠየቅሁት፤ ኦክቶበር አለኝ። ከመስከረም በኋላ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ስምንት ይቀነሳል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነበሩ። ቀነስኩት። ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሲመጣልኝ በጣም ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ጠፍቶኝ አይደለም የተውኩት። አዲስ አበባን ሁሉም ይጽፈዋል፣ ይህን ሳሳየው ቲቸር ይደሰታል ብዬ ነው።»

አጵሎስ አንገቱን ደፋ።

ዱካሞ ግን አልጨረሰም ነበር። የቀረውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነገረው። ሙሉቀን በየእሑዱ በጎረቤት ስልክ ይደውል ነበር። በዚያ ሳምንት እሑድ ሲደውል ዱካሞ ለምን ትዋሸኛለህ አለው። ሙሉቀን መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እውነቴን ነው እያለ ማስረዳት ሲጀምር ዱካሞ ውሸታም ብሎ ስልኩን ዘጋበት። ሙሉቀን በሚቀጥሉት ሁለት እሑዶችም ዱካሞን ጥሩልኝ ብሎ አስጠርቶት ነበር፤ አልሄደም። ልጆቹ በየመንገዱ ጆሃንስበርግ እያሉ ሲጠሩት ያፈረው በወንድሙ ነበር። ከዚያ ሙሉቀን የሚያወራው ከእናታቸው ጋር ብቻ ሆነ። በጥር ወር ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ገዳዮቹ አልታወቁም። አስከሬኑ ሆሳዕና ሲደርስ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተነጋገሩ አሥር ወር አልፏቸው ነበር።

«አሥረኛን ያቋረጥኩት በዚያ ነው» አለ ዱካሞ። «ከመጣሁ በኋላ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንጻ ላይ ዓመቱን ተቀርጾ አየሁት። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።»

አጵሎስ የመጣው ለአንድ የፈተና ወረቀት ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር። ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ያመጣሁብህ አለው።

«ድሮ እንደዚያ እል ነበር» አለ ዱካሞ። «እርስዎን ባገኝ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። በኋላ ግን ስልኩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን ማሰብ ጀመርኩ። እርስዎ ወንድሜን አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር።»

አጵሎስ የማደርግልህ ነገር ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው ለራሱም ባዶ መስሎ ተሰማው። ዱካሞ እናቱ በሕይወት እንዳለች፣ እርጅና እንደተጫናት፣ እስከ ዛሬ ልጆቼ በምን ተጣልተው ነው ሳይነጋገሩ የቀሩት እያለች እንደምትጠይቀው ነገረው። በንብረት የተጣሉ ይመስላታል። እሱ ስንት ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ቃሉ አልወጣለትም።

«እርስዎ ይንገሯት» አለ።

አጵሎስ እምቢ ማለት አልቻለም። ዱካሞ በዋትሳፕ ደወለ። የእህቱ ልጅ አንሥታ ስልኩን ለአያቷ ያዘችላት። በነጠላ የተሸፈነ ራስና የደከመ ዓይን ታየ። አጵሎስ በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጥቶ ማን እንደሆነ ነገራት። ታውቀዋለች፤ ልጇን ያስተማረውን ሰው አልረሳችም። በክብር መረቀችው።

ከዚያ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። ፈተናውን፣ ሳቁን፣ ራሱ የተናገረውን። ዱካሞ እሱን በማመኑ ወንድሙን ውሸታም እንዳለው፣ ሙሉቀን ግን እውነቱን እንደነበር፣ ተሳስቶ የነበረው እሱ አስተማሪው እንደሆነ። ሴትዮዋ ሳታቋርጠው ሰማችው።

«በዚህ ነው?» አለች በመጨረሻ። «በአንድ ከተማ?»

«አዎ እማማ። በዚህ ነው።»

«አንተም አሁን እዚያው ነህ።»

«እዚሁ ነኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ አልረገመችውምም። ስልኩን ለልጄ ስጠው አለችው።

ዱካሞ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ደረጃው ወጣ። አጵሎስ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ገብታ በዙሉኛ ሳውቦና ብላ ሰላም አለችውና የሕፃን ብርድ ልብስ ጠየቀች። ልክ ባለቤቱ እንደሆነ ሁሉ ተነሥቶ አወረደላት፤ ሁለት ቀለም አሳያት። ሰማያዊውን መርጣ ሄደች። ከደረጃው በኩል የዱካሞ ድምፅ ይሰማል፤ የሚለው ግን አይሰማም። ለአፍታ የሚያለቅስ መሰለው። ሊወጣ ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ።

ዱካሞ ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር። እናቱ ምን እንዳለችው አልተናገረም፤ አጵሎስም አልጠየቀም። ዱካሞ እስከ ምድር ቤት ሸኘው። ሲለያዩ እንደ መጀመሪያው ጎንበስ ብሎ ጨበጠው፤ ተመልሰው ይምጡ ግን አላለውም።

አጵሎስ ወደ ኦሬንጅ ፋርም በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። መንገዱ ረጅም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማራቸው ልጆች ወደ ሐሳቡ መጡ። ስማቸውን ሊያስታውስ ሞከረ፤ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ መጡለት። ፀገነት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ጥያቄ ሳትሞላ ባዶውን ትመልስ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብሎ ጠይቋት አያውቅም። አሁን የት እንዳለች የሚጠይቀው ሰው ይኖር እንደሆነ እያሰበ ሄደ።