የሌለ አገር ልኬት

«ጨዋታው ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለ እንግዳው፣ ገና ነፍስ ይማር ሳይል።

ቀያሿ ቀና አለች። ወንድሟን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በሦስት ቀን ብዙ የማይረባ ወሬ ሰምታለች፤ ይህን የሚያህል ግን አልሰማችም።

«ማን ልበል?»

«ብረቱ ይሉኛል። እዚያ፣ ኮምፒውተር ጨዋታው ውስጥ።» ክንዱ የመጥረጊያ እጀታ የሚያክል ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ጆሮው ላይ ዱቄት ቀርቷል። «የጋሼን ደብተሮች ፈልጌ ነው።»

«ጋሼ ደግሞ ማነው?»

«ወንድምሽ... ወንድምዎ። መንገድ የጠፋው ሁሉ እሱን ነበር የሚጠይቀው።»

«በሃያ ስድስት ዓመቱ ጋሼ? ካልሲውን ፈልጎ የማያገኘው ልጅ?»

አክስቷ ከጥግ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ለጨዋታም ለቅሶ ተጀመረ? ስምንተኛው ሺህ!»

ባለፈው ዓመት ወንድሟ ደብተር ይዞ መሥሪያ ቤቷ መጥቶ ነበር። የጨዋታው ባለቤት ድርጅት ሊዘጋው ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ጨዋታው ውስጥ ያለውን አገር በእርምጃ እየለካ ነበር፤ በኋላ ተጫዋቾቹ ራሳቸው መልሰው እንዲሠሩት። «አንዴ እዪልኝ» አላት። «የሌለ መሬት አልቀይስም» ብላ ባልደረቦቿን አሳቀችበት። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ አብሯቸው ሳቀ።

ብረቱ የድርጅቱን ስንብት ከስልኩ አነበበላት፦ «ውድ ጀግኖቻችን፣ ትዝታችሁ ከእኛ ጋር ይኖራል።»

«የሚኖርበትን ማሽን እያጠፉ» አለች። «አጭበርባሪ ሁሉ!»

ደብተሮቹን ሰጥታ ልትገላገለው ወደ ወንድሟ ክፍል ይዛው ገባች። ዘጠኝ ደብተር። የላይኛውን ገለጠች፤ ስህተት ፍለጋ ነበር። አገኘችም።

«ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የለካው! ዳገት ላይ የተረገጠ እርምጃ ካርታ ላይ ያጥራል። በዚህ ብትሠሩ ተራራችሁ ወንዙ ውስጥ ነው የሚቆመው።»

ብረቱ ፊቱ ተለወጠ። «ሌላ የለካ ሰው የለም። አይስተካከልም?»

«የዳገቱ ዲግሪ ካለ ይስተካከላል።» ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ከሃያ። «ስንት ተራራ ነው?»

«አስራ አንድ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ክፈተው!»

ብረቱ በወንድሟ ኮምፒውተር፣ በራሱ የጨዋታ ስም ገብቶ ከዳገት ዳገት ሮጠ፤ እያንዳንዱን ከጎን ሲያሳያት የማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተሯን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ አነበበች። አንድ ሸለቆ ውስጥ ሰዎች ተሰልፈው ቆመው አየች።

«ምን ይሠራሉ?»

«ጋሼን እየተሰናበቱ ነው።»

«መንገዱን ዘጉብን። በዚያ በኩል ዙር» አለች።

ከሳሎን የአክስቷ ድምፅ መጣ። «ልጅቷም ለየላት!»

አስራ አንደኛውን እንዳነበበች አስር ሰዓት ሞላ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ብረቱ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳም። እሷ ወንበር ስባ ማስላት ጀመረች።

በቀያሾች ደንብ የተሳሳተ ልኬት አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል። የስንቱን ጀማሪ ቁጥር ያለ ርኅራኄ ሰርዛለች። አሁን እስክሪብቶዋ በወንድሟ እጅ የተጻፈ አንድ የተንጋደደ ሰባት ቁጥር ላይ ቆመ።

ቁጥሩን እንዳለ ተወችው። የራሷን፣ በጣም አሳንሳ፣ ከጎኑ ጻፈች።