ፖሊሽ የተቀቡት መብራቶች

የማኮብኮቢያ መብራት ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እንደዚያ ቀን ግን በገዛ እጄ ጉድ ሆኜ አላውቅም።

ልጄ ረዳት አብራሪ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ጋ የምታርፈው በዚያ ምሽት ነበር። ለዚህ ስል በዋዜማው መብራቶቹን አንድ በአንድ በመኪና ፖሊሽ ወለወልኳቸው። መስታወታቸው ፊት ያሳይ ነበር! ማንም አላዘዘኝም፤ ማንንም አላማከርኩም። አባት በልጁ ሲጀነን ልክ የለውም።

ሲያመሻሽ የደኅንነት ተቆጣጣሪዋ መጣች። የብርሃን መለኪያውን ከመኪናዋ ኋላ አስራ ማኮብኮቢያውን ከዳር እስከ ዳር ነዳችና ውጤቱን አነበበችልኝ።

"አርባ አንድ በመቶ፣ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ... ብርሃኑ ከግማሽ በታች የወረደ መብራት እንደጠፋ እንደሚቆጠር ያውቃሉ አይደል?"

እንዴት አላውቅም!

"አውሮፕላኑ ሊደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረው። እስከዚያ ካልተስተካከለ እዚህ አያርፍም፣ ሌላ ከተማ ይሄዳል።"

ጎንበስ ብዬ አንዱን መስታወት በጣቴ ባብሰው፣ ፖሊሹ የሌሊቱን አቧራ ሁሉ ይዞ ጭቃ ሆኗል።

"ማነው ይሄን የቀባው?"

"እኔ ነኝ። እንዲያምሩ ብዬ።"

"ሠርግ አለ እንዴ?"

"ከሠርግም ይበልጣል" አልኩና ስለ ልጄ ነገርኳት።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ወሬውን ሰምተው ባልዲና ሳሙና ይዘው ከተፍ አሉ። "ጋሼ፣ ዛሬስ እሳት ሳይሆን የእርስዎን ኩራት ልናጠፋ ነው የመጣነው!" አለ ሾፌራቸው። እያሾፉብኝ አጠቡ፤ እኔም እየተሳደብኩ በደረቅ ጨርቅ አበስኩ። ጉልበቴ ዛለ፣ ሳቃችን ግን አልቆመም። ተቆጣጣሪዋ እንደገና ነዳች። ስትመለስ ፊቷን አኮሳትራ ነበር።

"ዘጠና አምስት!" አለች፤ ከዚያ ጥርሷ ታየ።

ሾፌሩን አስከትዬ ወደ መብራት ክፍሉ ሮጥኩና ሁሉንም እስከ መጨረሻው ደረጃ ለቀቅኳቸው። ትንሽ ቆይቶ አብራሪዎች ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር ከሚነጋገሩበት ሬዲዮ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ማማ፣ መብራቱ ዓይናችንን ሊያጠፋው ነው። እባካችሁ አንድ ደረጃ ቀንሱልን።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ኧረ ይቀንሱላት እንጂ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

ቀነስኩላት። በዕድሜዬ ስሞታ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።