ከተከፈተ በኋላ መነሳት የለም

ልጄ ሸጋው ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከደጅ ሲገባ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «አውሮፕላኑ ወደቀ?» የሚል ነበር።

«ወደቀ፤ ግን የሚበረው አይደለም» አለና ሳቀ። ሳቁ ነው ያናደደኝ።

አዲስ አበባ አብራሪነት ይማራል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሙሌተር የሚሉት አለ፤ እንደ እውነተኛ ጄት የሚናወጥ፣ ግን ከቦታው የማይነሳ ክፍል። እዚያ ውስጥ ሲያሳርፍ ከመንገዱ ወጣ። አስተማሪው ተማሪዎች ፊት፣ «ላሊበላ ተመለስና በቅሎ ንዳ» አለው። ለሐሙስ ድጋሚ ፈተና ፈቅደውለት ሳለ እልህ ይዞት ጥሎ መጣ።

«አልመለስም። አንቺስ አትብረር ስትዪኝ አልነበር?»

ስል ነበር። አሁን ግን ትምህርቱን ከተወ የሚጠብቀው ብሔራዊ ውትድርና ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አራጋው ወጣት ሲለቅም ሰንብቷል። የእህቴ ልጅ ጋሻዬ ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም። ከዚያስ ሰማዩ ይሻለኛል።

«ምን አድርገህ ነው የወደቅከው? ንገረኝ። ወልድያ አስራ ሁለተኛ የጨረስኩት ለጌጥ አይደለም።»

እየተነጫነጨ፣ «መዳፍሽን አፍሽ ፊት አድርጊና እፍ በይ» አለኝ። እፍ አልኩ፤ ትንፋሼ ተመልሶ ፊቴን መታኝ። ሞተሩም እንደዚያ ነው አለ። ሲበር ነፋሱን ወደ ኋላ እየተፋ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አብራሪው ከጉልበት መስጫዎቹ ሌላ ያሉትን እጀታዎች ይስባል፤ ሞተሩ ላይ መዝጊያዎች ይከፈቱና ነፋሱን ወደ ፊት ይመልሱታል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ራሱ ከፍሬኑ ጋር ሆኖ አውሮፕላኑን ይይዘዋል።

«ታዲያ?»

«እንደ ከፈትኩት አስተማሪው ‹መንገዱ ላይ መኪና አለ!› ብሎ ጮኸ። ደንግጬ ተመልሼ ወደ ሰማይ ልነሳ ሞከርኩ። የአንዱ ሞተር መዝጊያ ተዘጋ፣ የሌላው አልተዘጋም። አሽከረከረኝ።»

«ምን ማድረግ ነበረብህ?»

«ከተከፈተ በኋላ መነሳት የለም። ምንም ቢመጣ መቆም ነው። አውቀው ነበር እኮ እማ!»

«ታውቅ ነበር!» ደሜ ፈላ። ገብስ የሞላ ቁና ከመደቡ ፊት ጎትቼ ሁለት ጭልፋና ሁለት ማንኪያ ሰካሁበት። ጭልፋዎቹ ጉልበት መስጫ፣ ማንኪያዎቹ መዝጊያ መክፈቻ። «ተቀመጥ!»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ! አሳርፍ!»

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ከኋላው ቆሜ ጮኽኩበት። ክፉ ማሰብ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ።

«ጎማው ሳይነካ ለምን ሳብከው? እንደገና!»

«እሺ።»

«ዝናብ መጣ! የግራው አልተከፈተም!»

«የቀኙ ወደ ቀኝ ይጎትተኛል፤ በእግሬ አቀናለሁ።»

አስጎብኚው ጎረቤታችን ገብረመስቀል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ ይማርሽ፣ ለእኔም በመስኮት በኩል ቦታ ያዢልኝ!» አለ።

«አንተ ከጭነቱ ጋር ነህ!»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንደገና አስቀመጥኩት። ማንኪያዎቹን እንደ ሳበ አራጋው በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ይማርሽ፣ እንደምን ዋሉ? ሸጋው ትምህርቱን ትቶ መጣ ሲሉ ሰማሁ።»

ዞሬም አላየሁት። «ሰው መንገዱ ላይ ገባ!» ብዬ ጮኽኩ።

የሸጋው እጅ ወደ ጭልፋዎቹ ሄደ። እጁ አየር ላይ ቆየና ወደ ማንኪያዎቹ ተመለሰ፤ ሁለት እግሮቹ ወለሉን ረገጡ።

«ከፍቻለሁ። አልነሳም፤ እቆማለሁ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሐሙስ ፈተና አለብኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

አራጋው ቁናውን አየ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አውሮፕላን ነው። መንገዱ ላይ ቆመሃል፤ ዞር በል!» አልኩት።

በማግስቱ የወልድያው ጭነት መኪና ዘንድ ስንደርስ ንዴቴ አልበረደም፤ በአስተማሪው፣ በአራጋው፣ በልጄም። ሹፌሩን፣ «ፍሬንህን መቼ ነው ያስፈተሽከው?» አልኩት።

«እናቴ፣ ቁልቁለቱ ላይ እናየዋለን» ብሎ ሳቀ።

ሸጋው ወጥቶ ተቀምጧል። ውረድ ልለው አፌን ከፈትኩ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ሳላወጣው መዳፌን አፌ ፊት ያዝኩ፤ ትንፋሼ ተመልሶ ፊቴን መታኝ።