ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያለው ሰውዬ

መብራት ጠፍቶ የፎቶ ኮፒው ማሽን ዝም ሲል ነው መይሙና በሩ ላይ የቆመውን ሰው ያየችው። ክላሽ በትከሻው ያነገተ፣ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ገበሬ ነው። ቆቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው የኮፒ ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ሰውዬው በሩን ሙሉ በሙሉ ከልሎታል።

«መብራት እስኪመጣ ትንሽ ይጠብቁ» አለችው፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ መስሏት።

እሱ ግን ገባና ከጋቢው ሥር አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የራሷ መጽሐፍ ነበር።

መይሙና በሥዕል የሚነገር ታሪክ የወደደችው ገና ልጅ ሳለች ነው። አጎቷ ከጅቡቲ ያመጣላትን አንድ የፈረንሳይኛ ኮሚክ፣ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ ሥዕል በሥዕል እየተከተለች እስኪበጣጠስ አንብባዋለች። የወደደችለትም እዚያው ተጀምሮ እዚያው ማለቁን ነው። «ይቀጥላል» ብሎ ሰው አንጠልጥሎ አይተውም። በ2001 ክረምት እሷም እንደዚያ ያለ አንድ ራሱን የቻለ ታሪክ ሠራች። ከተራራ የወረደ ጎርፍ ወደ ማሳው ሊጠልፍ የወጣ ገበሬ ቦዩ ዳር በጥይት ሲመታ የሚያሳይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዓመታት በፊት በሮቢት በኩል እውነትም ደርሶ ነበር፤ ገዳዩ ግን አልታወቀም። መይሙና ወሬውን እንደማንኛውም ሰው ሰምታ ስሙንም ቦታውንም ቀየረችና፣ በገዛ ማሽኗ አባዝታ ለተማሪዎች ሸጠችው።

«እሸቴ እባላለሁ» አለ ሰውዬው። «ቦዩ ዳር የወደቀው ወንድሜ ነው።»

መይሙና ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አላህ ይማራቸው…»

«ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ አምጥቶት ሥዕሉን አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደድኩት። ያ በሬዎቹን ሲጠምድ፣ ያ ዝናብ ይመጣል ብሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ቁርጥ ወንድሜን ነው። ከተቀበረ ወዲህ ማንም እንዲህ አድርጎ አንስቶልኝ አያውቅም። አይቼ አይቼ አልጠግብ አልኩ። ኋላ ግን ይኸን አስተዋልኩ።»

ገጽ አሥራ አንድን ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት። በማሽላው መሀል ጠመንጃ የደገነ ሰው አለ። ጉንጩ የጎደጎደ፣ አፍንጫው የተጣመመ፣ ግራ ቅንድቡ በጠባሳ የተከፈለ ነው።

«ሙላው ነው» አለ እሸቴ። «ከኛ ጋር ማሳ ለማሳ ይዋሰናል። እሱ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

መይሙና ሥዕሉን አየች። እውነትም ሙላው ነው። አንድ ቀን የመሬት ደብተሩን ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ፣ መብራት ሲጠብቅ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ሳያውቅ ስላዋለች። የሟቹ ጎረቤት መሆኑን አላወቀችም። አጋጣሚ ነው እንዳትል ጠባሳው ያጋልጣታል።

«ማንም አልነገረኝም፣ ወላሂ! እዚህ ተቀምጦ ነው የሳልኩት። ፊቱን ወድጄው ነው።»

«ከወደድሽው ለምን ለሟቹ አልሰጠሽውም?»

መይሙና ገጹ ላይ አቀረቀረች።

«ያየ ሰው ነግሮሻል። በአፍሽ ብትፈሪ በእጅሽ አወጣሽው» አለና ክላሹን ከትከሻው አወረደ። «ሙላው ዛሬ ገበያ ነው የዋለው። ሲመለስ በዚሁ ያልፋል።»

መይሙና ሮጣ እንዳትወጣ በሩ በእሱ በኩል ነው። ብትጮህ ደግሞ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አላወቀችም። እጇ ነጭ ወረቀት ላይ አረፈ።

«ጋሼ እሸቴ፣ ትንሽ ይቀመጡልኝ። እንዴት እንደሠራሁት ላሳይዎት። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ። ገበያተኛው መመለስ ጀምሯል። አህያ እየነዱ፣ ሰልቻ ተሸክመው ያልፋሉ። መይሙና የመጀመሪያውን መስመር ስትስብ እርሳሱ ተሰበረ። ሌላ አነሳች። ማሽላውን ሳለች፣ የተደገነውን ጠመንጃ ሳለች፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ሳለችና ወረቀቱን አዙራ ሰጠችው።

እሸቴ ብዙ አየው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ።»

«ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ይኸን አባዝቼ ነገ ብበትነው» አለች መይሙና፣ «የሮቢት ሰው ምን ይላል? የወንድሙን ማሳ ፈልጎ ነው አይልም? እኔ እኮ ምንም አላየሁም። የቀየርኩት ፊት ብቻ ነው።»

የሚመታት መስሏት ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እሸቴ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ።

«ይላል» አለ። «ያኔም ብለው ነበር። ለቅሶው ላይ፣ እየሰማሁ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያው ቅጽበት ሙላው በሩ ፊት ለፊት አለፈ፤ ዱላውን አንገቱ ላይ ጋድም አድርጎ ከአንድ ሰው ጋር እያወራ። የእሸቴ ጣቶች ክላሹ ላይ ጠበቁ፤ ከአግዳሚው ግን አልተነሳም። ሙላው ከዓይን ሲሰወር እሸቴ አንገቱን ደፋ።

«ይቺን ቅደጂያት» አለ፣ የራሱን ሥዕል እየገፋላት። ቀደደችው። መጽሐፉንም ወደ እሷ መለሰው። «የሱንም ፊት አጥፊልኝ። ሌላውን አትንኪብኝ።» መይሙና የገዳዩን ፊት በጥቁር ቀለም ደፈነችው። እሸቴ መጽሐፉን በጋቢው ሸሽጎ ወጣ።

በማግስቱ እየፈራች ሮቢት ወርዳ ሁሉንም ነገር ለሙላው ነገረችው። ሙላው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ከመቀመጫው ተነስቶ ግቢውን ዞረ። «በሥዕል ልታስገድይኝ ነበር» አላት። ይቅርታ ብትለው አልመለሰላትም። ሁለቱን ጎረቤቶች በኋላ አበጋሮች፣ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አቀራረቧቸው፤ ሙላው እንዳልገደለ ማለ፣ እሸቴም መሐላውን ተቀበለ። ከልቡ ይሁን አይሁን የሚያውቀው እሱ ነው።

መይሙና ገጽ አሥራ አንድን ገዳዩ ከጀርባው እንዲታይ አድርጋ እንደገና ሠራችው። የድሮውን ቅጂ ከየተማሪው ቤት እየዞረች በአዲስ ለወጠች። ሁሉም ግን አልተመለሰም። አንዱን አንድ ልጅ ይዞት ወልድያ ሄዷል አሏት፤ የልጁን ስም የሚያውቅ አላገኘችም።