«ሂድ» ሲሉት የሚቀር

ፈረደ አልቃሿን ወይንእሸትን ከድንኳኑ ጀርባ፣ የዕድሩ ወንበሮች ከተደረደሩበት አጠገብ አገኛት። ድምጿ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ስለተሰነጠቀ ለብ ያለ ውኃ በጣሳ ይዛ ጉሮሮዋን ታርሳለች።

«የቀብሩ ለት ያልሻትን ግጥም ዛሬ በሰልስቱ አትድገሚያት» አላት።

«የትኛዋን፣ አያ ፈረደ?»

«ታውቂያታለሽ።»

ታውቃታለች። የቢቸና ሰው ሁሉ ያውቃታል። የፈረደን ልጅ እንዳለውን ሊቀብሩ ከሞጣ የመጡት የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ይዘዋት ነው የተመለሱት።

ና ሲሉት የሚሄድ፣ ሂድ ሲሉት የሚቀር፤
ዛሬ ተኛ ቢሉት፣ እሺ አለ ላፈር።

ወይንእሸት ጣሳውን መሬት አስቀመጠች። «ልጁን አሳነስኩት እንዴ? እምቢ ባይ መሆኑን አገር ያውቃል። እርስዎ ራስዎ ስንት ጊዜ አማርረውበታል?»

«እሱ አይደለም።» ፈረደ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ሂድ› ያለችው እናቱ ካሰች ናት። እኔ ‹ከእንጨት ሥራዬ አትውጣ›፣ እሱ ‹ባጃጅ እነዳለሁ›፤ የሁለታችን ጭቅጭቅ ቢመራት ‹ሂድና ልረፍ› አለችው። ይኸው ሞጣ ሄደ፣ ይኸው ሬሳው ተመለሰ። የቀብሩ ለት ያቺን ቃል ስትሰማ ደረቷን ስትመታ አየኋት። ‹ሂድ›ን ብቻ አንሽልኝ።»

ወይንእሸት ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጉልበቷን እየመታች ሞከረችው። ራሷን ነቀነቀች።

«ያነክሳል። ‹ና› አፍ ከፍተው ነው የሚሉት፤ እስከፈለጉ ይጎተታል፣ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ‹ሂድ› ጥርስ ላይ ያልቃል፣ በር እንደ መግጠም ነው። ሰው የሚያለቅሰው አንዱ ከፍቶለት ሌላው ሲዘጋበት ነው። አናጢ ነዎት፤ አንድ እግሩን የነቀሉት ወንበር ይቆማል?»

«ሌላ ሥሪ እንግዲህ። ታዛዥ ነበር በይ።»

«ታዛዥ!» በዚያ ሁሉ ድካሟ ሳቅ አመለጣት። «እነዚያ የሞጣ ልጆች ድንኳኑን በሳቅ ነው የሚያፈርሱት።» ከዚያ ፊቱን አየችና ጣሳዋን አነሣች። «እሺ። ሰው ካላለቀሰልዎ ግን እንዳይቆጡኝ።»

የሞጣዎቹ ሚኒባስ ደረሰ፤ ልቅሶው ክብ ሠራ። ወይንእሸት መሐል ገብታ «ያባቱን ቃል ሰሚ፣ የናቱን አክባሪ» አለች። ሰዉ ተቀበላት፤ ሲቀበላት ግን የባለሥልጣን ንግግር እንደሚያዳምጥ ነበር። ሙሐመድሸሪፍ፣ ሞጣ ላይ ከእንዳለው ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረው፣ ወደ ፈረደ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ የሌላ ሰው ልቅሶ ነው እንዴ የገባነው? እንዳለው እኮ ተሳፋሪ ‹ፍጠን› ሲለው ቀስ የሚል፣ ‹ቀስ በል› ሲለው የሚበር ነበር።»

ፈረደ ቀና ሲል ካሰች በእጇ እየጠራችው ነበር። ድምጿ ከቀብሩ ወዲህ ስለጠፋ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጆሮውን አስጠጋላት።

«የኔ ግጥም የት ገባች?»

«የቷ?»

«‹ና ሲሉት› የምትለዋ።»

«እንዳታምምሽ ብዬ አስቀረኋት።»

ካሰች እጅጌውን ያዘችው። «ምኗን ሰምተሃት? ‹ሂድ ሲሉት የሚቀር› እኮ ነው የምትለው። ሂድ ስለው መች ሄደ? ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቤትህ ገብቶ ሳንቃህን ሲልግ አልከረመም? የሄደው ‹ልጄ፣ ተው ቅር› ብዬ እግሩ ላይ የወደቅሁ ለት ነው።» እጅጌውን ሳብ አደረገችው። «በኔ ቃል አልሄደም፣ ፈረደ። ይህን የነገረችኝ ግጥሟ ናት። ደረቴን የመታሁት እፎይ ብዬ ነው።»

ፈረደ አስታወሰ። ያን ሳምንት እንዳለው ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ሲልግ፣ እሱም በኩርፊያ አንድ ቃል ሳይናገረው፣ ሁለቱም ትከሻቸው ላይ ሰጋቱራ ሲወርድ ነበር የሰነበቱት። ግጥሟንም እንደዚያው ነበር የሰማት፤ «ሂድ» ላይ ስትደርስ ልቡን እየዘጋ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማውም።

ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣ። በሰዉ መካከል አልፎ ዓይኗን ጨፍና ሌላ ቤት መምቻ የምትፈልገው ወይንእሸት ዘንድ ደረሰ።

«መልሻት» አላት።

«ሳልነካት?»

«ሳትነኪያት። ብቻ ‹ሂድ› ላይ አትቆይ።» ትንሽ አሰበ። «‹የሚቀር›ን ጎትቺው።»

«ለመጎተት ድምፄ አይደርስም፣ አያ ፈረደ። አለቀ።»

ፈረደ ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ከጎኗ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።